ድስቱ ይግባ፣ ሴትዮዋ ትቅር

"አንድ ነን" የሚለውን ነገር በዚህ ዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብትጠይቁኝ አላውቅም። በስብሰባ ሰምቼዋለሁ፣ መኪና ላይ በተጫነ ድምፅ ማጉያ ሰምቼዋለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ሰምቼዋለሁ፣ በምርጫ ሰሞን ደግሞ ራሱ ቤቴ ድረስ መጥቶልኛል። ያልሰማሁበት ቦታ ቢኖር ወጥ ቤት ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ንግግር የሚያደርግ የለም፤ እዚያ ሰው የሚናገረው በእጁ ነው። ማን ሽንኩርት እንደሚከትፍ፣ ማን እንደሚያማስል፣ ማን ደጅ ተቀምጦ እንጨት እንደሚያቀብል ያየ ሰው የአገሩን ነገር ጨርሶ አወቀ ማለት ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት እንጨት አቀብያለሁ።

ሸክላ ሠሪ ነኝ። እናቴም፣ የእናቴ እናትም እንደዚያው። ከጨንቻ በላይ ባለው መንደራችን "ማና" ይሉናል፤ ከእኛ ጋር አይጋቡም፣ ከቤታችን አይበሉም። ቋንቋችን አንድ ጋሞኛ ነው፣ ተራራችን አንድ ነው፣ ብርዱ እንኳ እኩል ነው የሚበርደን። የሩቅ አገር ሰው መሃላችን ቆሞ ቢውል ማናችን ማን እንደሆንን አይለይም። እነሱ ግን በጨለማ ይለዩናል። ከባለቤቴ ጋር ወደ አርባ ምንጭ የወረድነውም ለዚሁ ነበር። ከተማ ነው፤ ወላይታው፣ ጎፋው፣ ኮንሶው፣ ከሰሜን የመጣው ሁሉ የተቀላቀለበት ነው፤ እዚያ ማን ማንን ይጠይቃል ብለን። ለካ ሰው ከደጋ ሲወርድ ጋቢውን ጥሎ ንቀቱን ተሸክሞ ነው የሚወርደው።

የሰፈሩ ዕድር ገባን። ከእኔ ሌላ አርባ ሁለት ቤት አለበት፤ ከአንዳቸውም ለቅሶ ቀርቼ አላውቅም። ሴቶቹ ተራ ገብተው ያበስላሉ። የእኔ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ "እንግዳ ነሽ፣ ተቀመጪ" ተባልኩ። ይህ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። ከዚያ አንድ ቀን "እማማ፣ አርጅተሻል፣ እረፊ" ተባልኩ። ከእንግድነት በቀጥታ ወደ እርጅና። በመካከሉ ያለው ዕድሜዬ የት እንደገባ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ይህን የምትለኝ የሴቶቹ ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር ናት። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። እሁድ እሁድ አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻችን ተነካክቶ እንቀመጣለን፣ መዝሙር ስታወጣ እንባዋ ይወርዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ወጥ ቤቷ በር ያለው መንገድ ነው የሚረዝምባት።

ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑን ጥሩ አድርገው ጣሉልኝ፣ አለቀሱልኝም። እኔ ደግሞ በዚያ ኀዘኔ ላይ፣ ለቅሶ ለደረሰው ሰው ብዬ በትልቁ ድስት ንፍሮ ቀቀልኩ። የእነሱ ንፍሮ ከየቤታቸው ተቀቅሎ መጣ፤ እሱን እያነሱ በሉ። የእኔ ተከድኖ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ለዶሮ ሰጠሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ያንገበግበኛል፤ መሞቴ አይደለም፣ ስሞት ንፍሮዬ ለዶሮ መሰጠቱ ነው።

ዘንድሮ እንግዲህ በሰፈራችን የባህል ቀን ይከበራል ተባለ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ምግቡ ኩርኩፋ ይሆናል፣ የበቆሎ ሊጥ ድቡልቡል ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚቀቀለው፤ ድስቱም የግድ ሸክላ ይሁን ተባለ። የብረቱ ባህል አይደለማ። አስቴር መጥታ ሁለት ትልልቅ ድስት አዘዘችኝ። ሠራሁላት። ስትወስዳቸው አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ አይወጣም፣ በጉሎ ፍሬ መታሸት አለበት፣ ለዘብ ያለ እሳት ላይ መዋል አለበት፣ መጥቼ እኔው ላሟሽላችሁ አልኳት። "አንቺ አትድከሚ እማማ፣ እኛ እናደርገዋለን" አለች። ድስቱ ይግባ፣ ሴትዮዋ ትቅር። አልተከራከርኩም።

በበዓሉ ቀን ጠዋት ደጄ ላይ ቁርሴን፣ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ስበላ አስቴር ነጠላዋ ተንጋዶ መጣች።

"ሁለቱም ተሰነጠቁ።"

"አልተሟሹማ" አልኳት።

"ውሃ አፍልተንባቸዋል እኮ።"

"ሻይ መስሎሽ ነው?"

መሬት መሬት አየች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንዲህ ያለው ነገር እንዲሁ አይመጣም፣ ሰው "ዓይኗ" ሲል እኔ አላምንም ነበር አለች።

ዓይኔን። ሠላሳ ዓመት ከወጥ ቤት ውጭ አስቀምጠውኝ፣ የሚበስለውን እንዳላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ አሁን ዓይኔ ግድግዳ ሰርስሮ ገብቶ ድስት ሰነጠቀ። እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖረኝ መነጽር ምን ያደርግልኛል? ደሜ ፈላ። ግን አልጮህኩም፤ ዓይኗ ቤቴ ጥግ ባሉት ሁለት አሮጌ ድስቶቼ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁና።

"እነዚያስ?"

"እነሱማ ደህና ናቸው። የምበላባቸው ናቸው።"

"ሌላ የለም?"

"የለም።"

ፊቷን ብታዩት። እንግዶቹ እየመጡ ነው፣ ሊጡ ተድቦልቡሏል፣ ድስት የለም። እሰጥሻለሁ፣ እሳት ላይ የማወጣቸው ግን በገዛ እጄ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ቁርስ ብይ አልኳት፤ ሳህኑንም አቀረብኩላት።

"ጾም ጸሎት ላይ ነኝ እማማ።"

"ከንፈርሽ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ አለ።"

አንዲት ቦሎቄ በሁለት ጣቷ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች። ጉንጯ ሥር ሸሸገቻት፤ ቦታዋ እብጥ ብሎ ይታየኛል።

"ዋጪያት። እኔ መጠበቅ እችላለሁ፤ ሥራ የለኝም፣ አርጅተሻል እረፊ ተብያለሁ።"

ዋጠች። አንድ ነገር እንደምትሆን እሷ ብቻ ሳትሆን እኔም የጠበቅሁ ይመስለኛል፤ ይህን ያህል ዘመን ሲነግሯችሁ ከቆዩ እናንተም ራሳችሁን መጠራጠር ትጀምራላችሁ። ምንም አልሆነችም።

"ጨው አንሶታል" አለች።

እውነቷን ነበር፤ አንሶታል።

ድስቶቼን ይዘን ሄድን። በእጄ ጉልቻው ላይ ካወጣኋቸው በኋላ ወደ እንጨቴ ተመለስኩ። ኩርኩፋው ተበላ፣ ተመሰገነ። ከእንግዶቹ አንዱ ተነሥቶ ሁላችንም በአንድ ድስት የበሰልን ሕዝቦች ነን አለና ተጨበጨበለት። በየትኛው ድስት እንደሆነ ግን አልጠየቀም። ሴቶቹ "ከየት አመጣሻቸው?" ሲሏት አስቴር "ከዘመድ" ስትል ሰማኋት። ውሸቷን ነው። ቢሆንም በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚያ ወጥ ቤት ስለ እኔ የተነገረ ደግ ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ አላፈረስኩባትም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ቢላዋ ይዤ ሽንኩርቱ ጋ ልቀመጥ ስል ሴቶቹ "ኧረ እማማ፣ አንቺ እረፊ" አሉኝ። አስቴርን አየኋት። አቀርቅራ ማማሰሏን ቀጠለች። ቢላዋውን መለስኩ።

ሐኪሙ ልብሽ ደክሟል፣ አትናደጂ ይለኛል። እሱ ዕድር የለውም መሰለኝ። ለማንኛውም አሁን አልሞትም፤ አንዷ በልታለች፣ አርባ አንድ ቤት ይቀራል። በየጠዋቱ ንፍሮ እቀቅልና በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ። ጨውም ጨምሬበታለሁ።