ስም ሳልጠራ ያወጣሁት ምስጢር

ዛሬ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ከቢሮ ተባረርኩ!

ያውም ከራሴ ቢሮ። ያውም በእረፍት ሰዓት፣ ግቢው ሙሉ ተማሪ እያየኝ።

ቆይ፣ አትሳቁ። መጀመሪያ ልጨርስና አብረን እንስቃለን።

የሚያውቀኝ ያውቀኛል። ዲላ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምርና ዩኒት ሊደር ሆኜ ያረፈደ ተማሪ ሳንበረክክ ነው ያረጀሁት። ጡረታ ወጥቼ ቤት ስውል ደግሞ ሚስቴ ላይ ዩኒት ሊደር ሆንኩባት። ድስቱ ለምን እዚህ ተቀመጠ፣ በሩ ለምን በዚህ ሰዓት ተከፈተ...

አንድ ቀን ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ደወለ። አሁን የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኗል። "ጋሼ፣ የምክር አገልግሎት ባለሙያችን ወልዳለች። እስክትመለስ ቢሮው እንዳይዘጋ በነፃ ቢያግዙን?"

ሚስቴ ከኔ ቀድማ "እሺ" አለች።

ባለሙያዋን ሕይወት እንበላት። ሳይኮሎጂ የተማረች፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። ቢሮውን ስታስረክበኝ (ቢሮ ስላችሁ፣ ከኳስና ከተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ማለቴ ነው) ሥራውን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ።

"ጋሼ፣ ዋናው ማዳመጥ ነው። አይቆጡ፣ አይፍረዱ። መፍትሔ ለመስጠት አይቸኩሉ፤ ልጁ ራሱ እንዲደርስበት ይርዱት። ጥቃት ወይም የሕይወት አደጋ ካለ ወዲያው ይደውሉልኝ። ከዚያ ውጭ እዚህ የተባለው ከዚህ አይወጣም።"

"ታዲያ ምክሩን መቼ ነው የምሰጠው?"

አየችኝ። ረዘም አድርጋ አየችኝ።

"ከተቻለ ባይሰጡ ጥሩ ነው።"

የመጀመሪያው ቀን የመጣው ተማሪ ገና በሩ ላይ ሲያየኝ ተንበረከከ! አባቱን አስተምሬዋለሁ፤ ዝናዬ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል ማለት ነው። "ተነስ! ይሄ ካውንስሊንግ ነው!" ብዬ ብጮህበት ጭራሽ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሥራ ለመድን። ያለፈው ሐሙስ ግን አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ መጣች።

ትዕግስት እንበላት። ስሙን የመረጠችው ራሷ ናት።

አባቷን ወንድም ዘለቀ እንበለው። ወርቃ በኩል ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከኔ ጋር አንድ የቤት ኅብረት ውስጥ ይጸልያል። ትልቅ ሰውዬ፣ ትልቅ ድምፅ። ልጁ አምስተኛ ክፍል ሳለች አንደኛ ብትወጣለት፣ በደስታ የሐኪም ነጭ ጋውን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ሰቀለላት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ጋውኑን ነው የሚያስጎበኘው። እኔ ብቻ ሦስት ጊዜ ጎብኝቻለሁ።

ልጅቷ ግን ሐኪም መሆን አትፈልግም። ሕግ ነው የምትፈልገው። ዘንድሮ ለአባቷ ሳትነግር ሶሻል ተመዝግባለች! አባት ባዮሎጂ ታጠናለች ብሎ መብራት እንዳይጠፋባት ሲጨነቅ፣ እሷ ታሪክ እያነበበች ነው።

አሁን የሴሚስተሩ ካርድ ሊሰጥ ነው። ካርዱ ላይ ደግሞ ፊዚክስ የለም።

"ቲቸር፣ እሁድ ከቸርች መልስ እነግረዋለሁ" አለችኝ። "ራሴ ነኝ መንገር የምፈልገው። ከሌላ ሰው ከሰማው ልጄ ናቀችኝ ነው የሚለው። ብቻ እንዴት እንደምጀምር ያለማምዱኝ።"

ተለማመድን። እኔ አባቷን ሆንኩ። ምን ያህል እንደገባሁበት አትጠይቁኝ፤ ጠረጴዛ መታሁ፣ ተነሳሁ፣ መጨረሻ ላይ ረገምኳት!

ልጅቷ አለቀሰች። ይቅርታ ጠይቄ እንደገና ጀመርን። ሁለተኛው ላይ ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ሦስተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ደረሰች። አራተኛው ላይ ቀጥ ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች ጨረሰችው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዕድሜዬ ሙሉ ካስተማርኩት ሁሉ ያ አራተኛው ሙከራ አኮራኝ።

"እስከ እሁድ ማንም አይሰማም አይደል?" አለችኝ ስትወጣ።

"በኔ ጣይው!"

ጣለችው። እኔም ጣልኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት እህት አስቴር ቤት ለጸሎት ተሰብስበናል፤ ዘጠኝ ነን። "የጸሎት ርዕስ ያለው?" ተባለ። አንዱ የልጁን የመንጃ ፈቃድ አስያዘ። አንዷ የታመመች ላሟን። እኔ እንግዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለችኝ ርዕስ ደም ግፊቴ ናት፤ ሳልጠይቅ ሁሉ ይጸልዩልኛል፣ ቁጥሩን በቃላቸው ይዘውታል።

የዛን ቀን ግን ከደም ግፊት የከበደ ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር። ባለሙያ ነኛ! ምላሴን በላኝ።

"አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ አለች" አልኩ፣ በተከበረ ድምፅ። "ስሟን አልጠራም። አባቷ ሐኪም ሁኚ ይላታል፣ እሷ ግን ሕግ ፈልጋ በድብቅ ሶሻል ገብታለች። የአባትየው ልብ እንዲራራ እንጸልይ።"

ስም አልጠራሁም! ልብ በሉልኝ፣ ስም አልጠራሁም!

አባትየው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አውቃለሁ። እንዲያውም ላልዋሻችሁ፣ "እግረ መንገዱን ትንሽ ቢለሰልስ ለነገው ይጠቅማታል" ብዬ ነበር።

ዓይናችንን ጨፈንን። ማን ቢጀምር ጥሩ ነው? ራሱ ወንድም ዘለቀ!

"ጌታ ሆይ! ያንን ግትር አባት አስበው!"

"አሜን" አልን።

"ልጅን የሰጠኸው አንተ ነህ! እሱ ማነውና ነው መንገዷን የሚቆርጥላት? የራሱን ምኞት በልጁ ጀርባ ላይ የሚጭን ጨካኝ! ልቡን ስበረው!"

"አሜን..."

አሜኑ ቀስ በቀስ እየሳሳ መጣ። አንድ ዓይኔን ገለጥ አደረግኩ። ሰባቱም አንድ አንድ ዓይናቸውን ገልጠዋል! ዘለቀ ብቻ ጨፍኖ፣ ላብ በላብ ሆኖ ራሱን ለፈጣሪ ይከሳል።

ጨረሰ። ግንባሩን ጠረገ። እኔም ተነፈስኩ።

እዚያ ላይ ብናቆም ምን ነበረበት? እህት አስቴር ተቀበለች።

"አዎን ጌታ ሆይ፣ ያንን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ የተሰቀለውን ነጭ ጋውን ደግሞ..."

እኔ ስለ ጋውን ትንፍሽ አላልኩም!

ዘለቀ ዓይኑን ገለጠ። አስቴርን አየ። እኔን አየ። ባርኔጣውን አነሳና ወጣ። ዝናብ እየጣለ ባጃጅ እንኳ አልጠራም።

እሁድ ቸርች አልመጣም። እኔ መጥቻለሁ፣ ግን ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር አትጠይቁኝ።

ዛሬ ጠዋት ትዕግስት ቢሮ መጣች። ቁጭ አላለችም።

"ቲቸር፣ አራት ጊዜ ነው የተለማመድነው።"

"አዎ።"

"አምስተኛው የኔ ነበር።"

"ስም እኮ አልጠራሁም..." ብዬ ጀመርኩ።

"አባቴን ራሱን አስጸለዩበት እኮ!" ልቅሶና ሳቅ ተናነቃት፣ ከዚያ ልቅሶው አሸነፈ። "ከቅዳሜ ጀምሮ አያናግረኝም። 'ስምንት ሰው ካወቀ በኋላ ዘጠነኛ አደረግሽኝ' ነው ያለኝ፣ በቃ። እኔ ለሰው ያወራሁ ነው የመሰለው።"

አያችሁ? ልጅቷ የፈራችው ቁጣውን አልነበረም። መናቅ እንዳይመስለው ነበር። እኔ ደግሞ አውጥቼ ሰጠሁት።

ደግነቱ እኔን አልጠበቀችም። ትናንት ማታውኑ ለሕይወት ደውላላት ኖሯል። ሕይወት ሕፃኗን አቅፋ በባጃጅ ከተፍ አለች። ከኋላዋ ደግሞ ዘለቀ፤ ጠርታው፣ ከጣቢያ ቀጥታ በቦት ጫማው፣ የቡና ገለፈት ሱሪው ላይ እንደተለጠፈ።

እኔ ተነሳሁ። ክራቫቴን አስተካከልኩ። "ወንድም ዘለቀ፣ አረፍ በል። ነገሩን ከመሠረቱ እኔ ላስረዳህ..."

"ጋሼ" አለች ሕይወት።

"አቤት።"

"ማን እንደተናገረ ብቻ ይንገሯቸው።"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። "እኔ ነኝ። ልጅህ ከኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። ለኔም ያወራችኝ ላንተ እንዴት እንደምትነግርህ ለመለማመድ ነው። አራት ጊዜ ተለማመደች።"

ዘለቀ ልጁን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አራት ጊዜ ማንን እያየች?"

"እኔን። እኔ አንተን ሆኜ።"

"እኔን ሆነው ምን አሏት?"

እውነት መናገር የጀመርኩበት ቀን ሆኖብኝ፣ "ረገምኳት" አልኩ።

"እኔ ልጄን እረግማለሁ?!" መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሼ" አለች ሕይወት በዚያ በረጋ ድምጿ፣ "እርስዎ ውጭ ይጠብቁን።"

"እኔ? እኔ እኮ የቢሮው ኃላፊ..."

"ልጁን ይያዙልኝ።" ሕፃኑን ክንዴ ላይ አኖረችው፣ በሩም ተዘጋ።

ያቺን አግዳሚ ወንበር ታውቋታላችሁ። በየትምህርት ቤቱ አለች፤ ጥፋተኛ የሚቀመጥባት። ስንቱን ያስቀመጥኩባት ወንበር ላይ ሕፃን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ያኔ የእረፍት ደወል ተደወለ!

"ቲቸር፣ ምን አጥፍተው ነው?"

"ወላጅ አምጣ ተብሎ ነው!" አለ ሌላው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ጆሮዬ ወደ በሩ ዘመም ማለቱን አልክድም። ግን ጠጋ ባልኩ ቁጥር ሕፃኑ ያለቅሳል። ራቅ ስል ዝም። ከአሁኑ የእናቱን ሙያ ይዟል! ቆይቶም ሱሪዬ ላይ ሸናልኝ።

ብዙ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። ትዕግስት ዓይኗ አብጦ ወጣች። ከኋላዋ ያ ግዙፍ ሰውዬ በቦት ጫማው፣ ሮዝ ቦርሳዋን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ተከተላት። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

"ጋሼ፣ እኔ ልጄን አልረግምም።"

ሄዱ።

አሁን "ይኸው ፌስቡክ ላይ ደገምከው!" የምትሉኝ አላችሁ። አልደገምኩም! ከሰዓት ጽፌ መጀመሪያ ለልጅቷ ነው የላክሁት። አራት ቦታ ዲሌት አድርጋ፣ ስምና ነገር ቀያይራ ይለጥፉ ብላኛለች። አባቷ ያስጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁን እንደማይረግም ይሰመርበት ብሏል። ተሰምሯል።

ውስጥ ምን እንደተባባሉ ግን አላውቅም። ልጅቷን ጠየቅኳት፣ ፈገግ ብላ ዝም። ሕይወትን ጠየቅኳት፣ "ልጁን ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ" አለችኝ።

ከተማው ግን የማውቅ መስሎታል! ስልኬ ሲጮኽ ነው የዋለው። እህት አስቴር ብቻ ሁለት ጊዜ ደወለች። "ታዲያ ምን ተባባሉ? ፈቀደላት?"

"አልናገርም፣ የሙያ ጉዳይ ነው" አልኳት።

"ውይ ወንድሜ! እንዲህ ቁም ነገረኛ መሆንህን አላውቅም ነበር!"

ደስ አለኝ። ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ ለደወሉት አምስት ሰዎችም ይህንኑ መለስኩ፣ አምስቱም አከበሩኝ።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር አለመናገሩ ምስጢር ጠባቂ ያስብለዋል?