ሂሻም ሐናንን ለማግባት ሲያጠና

ገዲ፦ አልለብስም አልኩህ! ሰው ቢያየኝስ?

ሂሻም፦ አቦ ልበሰው! በዚህ ፀሐይ ማን ወጥቶ ያይሃል? ድሬ ሁሉ ተኝቷል።

(ሂሻም ከዚራ ሰፈር ያለውን ሱቁን ለቀትር እረፍት ዘግቷል። ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ጥናት የምታስተምረውን ሐናንን ሊያገባ ይፈልጋል። ባጃጅ ነጂው ጓደኛው ገዲ ለልምምድ ሻሽ አስሮ ሐናንን ሊሆንለት ነው። ሻሹ ያሳክከዋል፤ ግን ጓደኛ ነው፣ ምን ያድርግ?)

ሂሻም፦ ስሚ ሐናን። ጥቁር ሴት ምሁራን ባይኖሩ ያንቺ ትምህርት ጎዶሎ ነበር።

ገዲ፦ እንዴት?

ሂሻም፦ አሜሪካ ውስጥ «ሴቶች» ሲባል ነጮቹን፣ «ጥቁሮች» ሲባል ወንዶቹን ነበር የሚያስቡት። ጥቁሯ ሴት ከሁለቱም ቀረች።

ገዲ፦ ውይ! የት ሄደች?

ሂሻም፦ የትም አልሄደችም! እዚያው ነበረች።

ገዲ፦ ታዲያ እንዴት አላዩዋትም?

ሂሻም፦ አላይ ብለው ነዋ! ምሁራኑ ግን፣ «ሴትነቷም፣ ጥቁርነቷም፣ ድህነቷም አንድ ላይ ነው የሚጫናት፤ ነጣጥላችሁ አትዩት» አሉ።

ገዲ፦ ገባኝ። ሦስት ወፍራም ሰው ጭኜ ጎማ ቢፈነዳ፣ የማንኛው ጥፋት ነው ይባላል?

ሂሻም፦ ሐናን ባጃጅ አትነዳም!

ገዲ፦ (ድምፁን አቅጥኖ) እንግዲያው ተሳፋሪ ነኝ።

ሂሻም፦ ደግሞ ትልቁ ነገር፣ ሴት የኖረችው ኑሮ ራሱ እውቀት ነው፤ ስለ ራሷ ራሷ ትናገር አሉ።

ገዲ፦ እውነታቸውን ነው። እኔም እንደ ሴትነቴ...

ሂሻም፦ ዝም በይ፣ አልጨረስኩም!

ገዲ፦ እሺ። ግን መቼ ነው አግቢኝ ብለህ የምትጠይቃት?

ሂሻም፦ እሷን ምን ብዬ? ሦስት ሽማግሌ ልኬያለሁ እኮ! አሁን አባቷ ጋ ናቸው።

ገዲ፦ እሷ ሳታውቅ?

ሂሻም፦ አባቷ ይነግራታላ።

ገዲ፦ ምሁራኑ እንደዚያ ነው ያሉት?

(ሂሻም ስልኩን አፈፍ አድርጎ ለሽማግሌዎቹ ይደውላል።)

ሂሻም፦ ሼህ ዱዓሌ! ተመለሱ! ... ቤት ገብታችኋል? ... አባቷስ ምን አሉ? ... «እሷን ጠይቁ»? ... እሷስ? (ስልኩን ቀስ ብሎ ያወርዳል።)

ገዲ፦ ምን አለች?

ሂሻም፦ «እኔ ሦስት ሽማግሌ አላገባም። የሚፈልገኝ ሰውዬ አፍ ካለው ራሱ ይምጣ።» እየጠበቀችኝ ነው።

ገዲ፦ በል ተነሳ! ባጃጁ በር ላይ ነው።

ሂሻም፦ እኔ አልችልም። ገዲዬ፣ በአላህ፣ አንተ ሂድልኝ። የማስበውን ሁሉ ሰምተሃል፤ ስለ እኔ ተናገርልኝ።

ገዲ፦ (ሻሹን አውልቆ ፀጉሩን እያበጠረ) ወላሂ፣ እኔ ከሄድኩማ የምናገረው ስለ ራሴ ነው።