ፎርሙን ማን ሞላው?

በአገራችን ሰው ሁለት ጊዜ የሚወለድ ይመስለኛል፤ አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ደግሞ አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ከፎርም። ያቺ ፎርም አንድ ገጽ ብቻ ናት። ሁለት ሳጥን አላት፤ አንዱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ አንዱ የማኅበራዊ ሳይንስ። እኛ ናቹራልና ሶሻል እንላቸዋለን። ልጅዎ የትኛው ላይ ምልክት እንዳደረገ ጎረቤት እስኪጠይቅዎ ይቆዩ ብቻ። "ናቹራል" ካሉ፣ "እሰይ፣ ለሰፈራችን ሐኪም ተገኘ" ይባልልዎታል። "ሶሻል" ካሉ ደግሞ ጎረቤትዎ ትከሻዎን መታ መታ ያደርግና፣ "አይዞዎት፣ ዋናው ጤና ነው" ይላል።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚያ "ዋናው ጤና ነው" በሚባለው ሳጥን ውስጥ ነው። በታሪክ ተመርቄ ሞጣ ተመደብኩ። የሥነ ዜጋው መምህር ሲዛወር ሥነ ዜጋን ጨመሩልኝ፤ የኢኮኖሚክሷ መምህርት ስትወልድ ደግሞ ኢኮኖሚክሱ "ለጊዜው" ተብሎ ተሰጠኝ። የወለደችው ልጅ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው። ቅሬታ የለኝም። ጠዋት ንጉሥ አንግሼ፣ ከረፋዱ ላይ ሥልጣን የሕዝብ ነው ብዬ፣ ከሰዓት ገበያ ውዬ የምገባ ሰው ነኝ፤ ምን ጎደለኝ? ቤተሰቤ ቢቸና ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እሄዳለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አምና ሰኔ ላይ ሀያት የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ በር ላይ ጠብቃ ፎርሟን አሳየችኝ። ከክፍሏ አንደኛ ናት። ሶሻል ላይ ምልክት አድርጋለች፤ ግን በእርሳስ፣ ለመጥፋት በሚመች አኳኋን። የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

"ኢኮኖሚክስ ማጥናት ነው የምፈልገው ቲቸር። አባቴ ግን አንደኛ የወጣ ልጅ ሶሻል አይገባም ይላል። ፎርሙ ደግሞ ሰኞ ይመለሳል" አለችኝ።

"እኔ አናግራቸዋለሁ" አልኳት። ምላሴን በጣም የማምንበት ጊዜ ነበር።

አባቷ ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር ከአያታቸው በወረሱት ሱቅ ጨርቅና ጃንጥላ ይሸጣሉ። ሐሙስ ከሰዓት ሄድኩ። ወንበር ሰጡኝ፣ ለስላሳ አስመጡልኝ። እኔም ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ጭነታቸውን በበቅሎ አድርገው የዓባይን በረሃ ስለተሻገሩ የጥንት ነጋዴዎች አወራሁ፤ ግብር የሚወስነው ማን እንደሆነ፣ ባሕር ማዶ የተሸመነ ጨርቅ ሞጣ እስኪደርስ ዋጋው ስንት ቦታ እንደሚለዋወጥ አስረዳሁ። "ይህ የእርስዎ ሱቅ ራሱ እኮ አንድ መጽሐፍ ነው" አልኳቸው። የቀሚስ ጨርቅ ልታስለካ የገባች ደንበኛ ጉዳይዋን ረስታ ቆማ ትሰማኛለች። ጋሽ ሰይድም ሜትራቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። በቃ ተሳካ ብዬ ለስላሳዬን አነሳሁ።

"መምህር፣ ቢቸና የሀያት እኩያ ልጅ አለዎት አይደል?" አሉኝ።

"አለኝ። ናትናኤል ይባላል፤ እሱም ዘንድሮ አሥረኛ ነው።"

"እሱ ምን ሞላ?"

ለስላሳው ትን አለኝ። ናትናኤል የሞላው ናቹራል ነው። ሞላው ማለቴም ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ቅዳሜ፣ ልጁ ኳስ ሊጫወት በወጣበት፣ በገዛ እስክሪብቶዬ። መዋሸት ይቻል ነበር። ነገር ግን የዚያን ዕለት ጠዋት በሥነ ዜጋ ክፍለ ጊዜ ስለ ሐቀኝነት አስተምሬያለሁ፤ ሀያት ደግሞ ፊተኛው ወንበር ላይ ነበረች።

"ናቹራል" አልኩ። "የሞላሁለትም እኔ ነኝ።"

ደንበኛዋ በድንገት ጨርቁን መምረጥ ጀመረች። ጋሽ ሰይድ ቢስቁብኝ በወደድኩ፤ አልሳቁም። "እንግዲህ አይፍረዱብኝ። ሶሻልን ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት" አሉ በለሰለሰ ድምፅ። ሜትራቸውንም አንሥተው፣ "እንዲህ እናድርግ። ልጅዎን ይጠይቁት። እሱ ያለውን እርስዎ ካደረጉለት፣ እኔም ሀያት ያለችውን አደርጋለሁ።"

ቅዳሜ በሚኒባሱ መስኮት እያየሁ መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ሄድኩ። ልጄ "አባዬ፣ እንዳንተ ታሪክ መማር ነው የምፈልገው" ሲለኝ ምን እንደምመልስለት ሁሉ አሰብኩ። እንደማላለቅስ ለራሴ ነገርኩት።

"ፎርሙን እኔ ልሞላልህ አይገባም ነበር" አልኩት ምሳ እንደበላን። "አንተ ምንድን ነው የምትፈልገው?"

ያመመኝ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ። "ናቹራል ነዋ።"

"ታሪክስ?"

"አትቀየመኝ አባዬ። ታሪክ እንቅልፌን ነው የሚያመጣብኝ።"

ተቀየምኩ። እንዴት አልቀየም? ግን ቃል ቃል ነውና እስክሪብቶውን ሰጠሁት፤ በእኔ ምልክት ላይ እሱ በራሱ እጅ ደገመበት።

እሑድ ሞጣ ስገባ ቀጥታ ወደ ሱቁ ነው የሄድኩት። ጋሽ ሰይድ "አዩት? የሶሻል መምህር ልጅ እንኳ ሶሻልን ሸሸ" ቢሉኝ የሀያት ነገር አበቃለት። ቢሆንም ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው፤ የእንቅልፉን ነገር እንኳ ሳላስቀር።

"ጠየቁት ግን?"

"ጠየቅሁት።"

"ታዲያ አሁን ፎርሙን ማን ሞላው?"

"እሱ።"

"በቃ" አሉና ሀያትን ጠሩ። እስክሪብቶ ይዛ መጣች። የእርሳሱ ምልክት ላይ ረጋ ብላ ደገመችበት። አባቷ ከሥር ፈረሙ። እኔ መስኮቱ ላይ የተሰቀሉትን ጃንጥላዎች እያየሁ ነበር፤ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገብቶ።

አሁን ሀያት አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ጣጣው የመጣው ከአባቷ ነው። የልጃቸውን የኢኮኖሚክስ መጽሐፍ ያነባሉ፤ በየሳምንቱም በእሷ በኩል ጥያቄ ይልኩብኛል። በቀደም ደግሞ የጃንጥላ ጥያቄ ላኩ፤ ክረምት ላይ ዋጋ ሲጨምሩ ገዢ ይቀንሳል፣ ሲቀንሱ ገዢ ይጨምራል፤ ታዲያ ትርፋቸው ከሁሉ የሚበልጠው በስንት ብር ቢሸጡት ነው? ሒሳብ አለበት። እኔና ሒሳብ ደግሞ ከተለያየን ቆይተናል። ይዤው ቢቸና ሄድኩና፣ ሱቅ ውስጥ ያወራሁትን ሁሉ አጫውቼው ለናትናኤል ሰጠሁት።

ወዲያው ሠራው። ሠርቶ ግን አልተወውም። ጎረቤት ያለው ሱቅም ጃንጥላ ቢያመጣስ? ዝናቡ ቢዘገይስ? መንግሥት ቀረጥ ቢጨምርስ? ምሳው ቀርቦለት እሱ ወረቀት ይሞላል።

"አባዬ፣ ይሄን ነው እንዴ የምታስተምረው?"

"ይሄን ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀምጦ ትክ ብሎ አየኝ። "ሞጣ ድረስ ሱቅ ገብተህ ለሰው ስታስረዳ፣ ለእኔ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ ቀረህ?"

ፎርሙ ከገባ አምስት ወሩ ነው፤ ከእንግዲህ አይለወጥም።

"ብላ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል" አልኩት።