በክብደት የተመረጠ ሌንስ

እውቀት በሰፈሯ እመቤት ናት። ከሰፈሯ ስትወጣ ግን መንገድ ጠያቂ ትሆናለች፤ ክፋቱ፣ መጠየቅ ታፍራለች። እኔን ብትወስዱ ሸማ ተራ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጋቢውን በእጄ መዘን አድርጌ፣ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር እነግራችኋለሁ። ይህ ሙያ ካሜራ ሲገዛ ምን ይሠራል? አትጠይቁኝ። እሺ፣ ጠይቁኝ።

ጥፋቱ የስልኬ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ የነጠላዎቼን ፎቶ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ስልኬ ግን ቀለም አያውቅም፤ ወይን ጠጁን ጥለት ቡናማ አድርጎ ያወጣዋል። አንዷ ደንበኛዬ ሦስት ነጠላ መልሳ፣ «እትዬ፣ ያየሁት ሌላ፣ የመጣልኝ ሌላ» አለችኝ። ሌባ ያላለችኝ ጨዋ ስለሆነች ነው። ሱቄ እስከ ጣሪያው ነጠላ ነው፤ በዓሉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ስለዚህ ዕቁብ ሲወጣልኝ፣ ልገዛበት ያሰብኩትን ፍሪጅ ትቼ ደህና ካሜራ ልገዛ ተነሳሁ።

አጃቢዬ ዘምዘም ነበረች። ዘምዘም ከመንገዱ ማዶ፣ ትይዩዬ ነጠላ የምትሸጥ የወሎ ሴት ናት። ሃያ ዓመት ደንበኛ ስንነጣጠቅ ኖረናል፤ ሽሯችንን ግን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው።

መሳለሚያ አጠገብ ያገለገለ ካሜራ የሚሸጠው ቢንያም ትሁት ሰው ነው። በካሜራው ከተስማማን በኋላ ሁለት ሌንስ አቀረበ፤ አንዱ ክንድ የሚያህል፣ ሌላዋ ስኒ የምታህል፣ ያውም ጠርዟ የተሞጫጨረ። «እትዬ፣ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ለማንሳት ከሆነ ይቺ ትንሿ ትበቃዎታለች። ዋጋዋም ቀላል ነው» አለኝ።

ይሄኔ ነቃሁ! መርካቶ ውስጥ ነጋዴ ርካሹን ሲመክራችሁ ምን ማለት ነው? ደህናውን ለሚያውቅ ሰው ደብቋል ማለት ነዋ! እኔስ ስንቴ አድርጌዋለሁ? ረጅሙን አንስቼ መዘንኩት። እንደ ጥሩ ጋቢ ይከብዳል። ዘምዘምም ተቀብላ መዘነችና፣ «ወላሂ፣ ዕቃ ማለት ይሄ ነው!» ስትል ፍርዱ ጸና። ቢንያም «ይሄ እኮ የሩቅ ነው፤ ለኳስ ሜዳ፣ ለወፍ...» ብሎ ሲማጸን፣ «ለኛ ሲሆን ይበዛል ብለህ ነው?» ብላ አፉን አስያዘችው። ከፍዬ ስወጣ እንደ ደንባችን «መርቅልኝ እንጂ!» አልኩት። ትንሿን ሌንስ ፌስታል ውስጥ ጣል አደረገልኝ። አዝኖልኝ መሆኑ የገባኝ ኋላ ነው።

ሱቄ ገብቼ ነጠላ ዘርግቼ ብደግን፣ ጭጋግ! ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ጀርባዬ መደርደሪያው ላይ ተለጠፈ። አሁንም ጭጋግ። ላም አለኝ በሰማይ! በንዴት ወደ በሩ ሳዞረው የማዶው የዘምዘም ሱቅ ወለል ብሎ መጣ፤ የጥለቱ ክር ይቆጠራል። ራሷ ዘምዘም ከአንዲት ደንበኛ ጋር ስትከራከር ቆይታ፣ ድንገት ራሷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች። አነሳኋት። ሃያ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እንዲህ ውብ መሆኗን ለማየት የዕቁብ ብር አስፈለገኝ።

ፎቶውን ላክሁላት፤ ለጠፈችው። በማግስቱ የአዲስ አበባ ሴት ሁሉ በሯ ላይ ቆመ። እኔ ዝንብ አባርራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ዘምዘም ጉርሻዋን አቁማ፣ «አንቺ፣ ያቺ ቢንያም የመረቀሽ ሌንስስ የት ደረሰች?» አለች። ከጠረጴዛው ስር፣ ከነፌስታሏ አወጣናት። ካሜራው ላይ ገጠምናት። ወይን ጠጁ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ! ነጠላ የመለሰችብኝ ደንበኛ ሳትቀር አራት አዘዘች፤ ለፋሲካ መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ።

ረጅሙን ለቢንያም ልመልስ ስነሳ የከለከለችኝ ዘምዘም ናት። «ተይው እንጂ! እኔን ማን ያንሳኝ?» አለች። ይኸው አሁን ደንበኞቿ ያን ፎቶ አይተው ማን እንዳነሳት ሲጠይቋት፣ በጣቷ ወደኔ እየጠቆመች፣ «ያቺ ማዶ ያለችው ፎቶ አንሺ» ትላቸዋለች። ነጠላ መሸጤን አንድ ቀን እንኳ ተሳስታ አታነሳም።