ጥግ ላይ ስላረፈችው ኳስ የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የሐይቅ ዳር ቴኒስ ወዳጆች ማኅበር
የውድድር ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ዕለቱ እሑድ፣ ሐምሌ 13 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። ቦታው ባሕር ዳር፣ ከቴኒስ ሜዳው ጎን ያለው ዋርካ ሥር ሲሆን፣ ዝናቡ ሲበረታ ጉባኤው ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ጀልባ ትኬት መሸጫው ታዛ ተዛውሯል። ለ8 ሰዓት ተጠርቶ በ9 ሰዓት ከ10 ተጀምሯል። ይህም ካለፈው ስብሰባ ጋር ሲነጻጸር መሻሻል እንደሆነ ተወስቷል።

የተገኙ፦
1. አቶ አስናቀ፦ ሰብሳቢ፣ የማኅበሩ መሥራች፣ የዋንጫው ባለቤት
2. ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ፦ ገንዘብ ያዥ፣ የአቶ አስናቀ ባለቤት
3. መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፦ ዳኛ
4. አቶ ገድሉ፦ ቁጥጥር፣ በመደበኛ ሥራቸው ኦዲተር
5. አማኑኤል፦ ጸሐፊ፣ የኮሌጅ መምህር፣ ባለፈው እሑድ በተቋረጠው የፍጻሜ ግጥሚያ የአቶ አስናቀ ተጋጣሚ

ያልተገኙ፦ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ለተዝካር ጢስ ዓባይ ስለሄዱ በፈቃድ። አቶ አዘዘ፣ ያለ ፈቃድ። ይሁን እንጂ አቶ አዘዘ ከማዶ ካለው መዝናኛ ተቀምጠው ዓሣ ሲበሉ ለሁሉም አባላት ይታያሉ።

ምልዓተ ጉባኤን በተመለከተ፣ በዓይን የሚታይ አባል ተገኘ ይባላል ወይስ ቀረ ይባላል የሚል ጥያቄ ከአቶ ገድሉ ቀርቧል። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ አቶ አዘዘ በግማሽ እንዲቆጠሩ ተወስኗል። በዚህም መሠረት ከሰባት አባላት አምስት ተኩል ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ወደ አጀንዳ ከመገባቱ በፊት ሰብሳቢው ለጸሐፊው ማሳሰቢያ ሰጥተዋል። ጸሐፊው ራሱ ባለጉዳይ ስለሆነ ብዕሩን ወደ ራሱ እንዳያጋድል፣ እንደ ወትሮውም ቃለ ጉባኤው ከመፈረሙ በፊት እሳቸው በቀይ እስክሪብቶ የማይሆነውን እንደሚሰርዙ አስታውቀዋል። ጸሐፊው ለእውነት ብቻ እንደሚጽፍ ቃል ገብቷል። በየዓመቱ ለፍጻሜ ደርሶ በየዓመቱ በሰብሳቢው እየተሸነፈ ሁለተኛ የሚወጣ መሆኑ ይህን ቃል እንደማይነካው አረጋግጧል። ባለቤቱ ወ/ሮ ፀደንያ ለዋንጫው ብላ የፍሪጁን አናት ካለፈው እሑድ ጀምሮ ባዶ አድርጋ እየጠበቀች መሆኑንም ለመረጃ ያህል ብቻ ጠቅሷል።

አጀንዳ 1፦ የውድድሩ ደረጃ፣ አቆጣጠሩና ዋንጫው

ታላቁ የጣና ዳር የወንዶች ነጠላ ቴኒስ ውድድር ደንቡን የወሰደው መዝናኛው ቤት በቴሌቪዥን ከሚታየው የፈረንጆቹ ታላቅ ውድድር ነው። በሙዚቃው ጩኸት ምክንያት ያልተሰማውን አንቀጽ ኮሚቴው ከራሱ ሞልቶታል። ሰብሳቢው የእኛም ውድድር እንደዚያኛው የባለሙያዎች ሊባል ይገባል ብለዋል። ተወዳዳሪዎቹ ጡረታ የወጣ መካኒክ፣ ኦዲተርና መምህር፣ ዳኛውም መሪጌታ ስለሆኑ ሙያ የሌለው ሰው በመካከላችን እንደሌለ አስረድተው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

አቶ ገድሉ ቀጥለው በአቆጣጠሩ ላይ የኦዲት ግኝት አቅርበዋል። የመጀመሪያው ነጥብ ዐሥራ አምስት፣ ሁለተኛው ሠላሳ ተብሎ ሦስተኛው አርባ አምስት መሆን ሲገባው አርባ ይባላል፤ አምስቱ የት እንደገባ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሰብሳቢው ፈረንጆቹ እንዲያ ነው የሚቆጥሩት ሲሉ፣ አቶ ገድሉ ፈረንጅ ስላጎደለው ጉድለቱ አልጎደለም አይባልም ብለዋል። ከረጅም ክርክር በኋላ፣ የጎደለው አምስት ነጥብ እስኪገኝ ድረስ በተንጠልጣይ ሒሳብ እንዲያዝ ተወስኗል።

ዋንጫውን በሚመለከት፣ ከሱቅ የተገኘው ዋንጫ አናቱ ላይ ያለው ሰውዬ እግር ኳስ የሚለጋ በመሆኑ በእጁ ከሽቦ የተሠራ ራኬት እንዲታሰርለት ተወስኗል። ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ፣ እንዲያ ከሆነ ሰውዬው ዝንብ እያባረረ በር የሚራገጥ እንደሚመስል ተናግረዋል። ሐሳባቸው ተመዝግቧል፣ ተቀባይነት አላገኘም። ሌላም የሚናገሩት እንዳላቸው ሲገልጹ ልዩ ልዩ እስኪደርስ እንዲታገሡ ተነግሯቸዋል።

አጀንዳ 2፦ የጉማሬው ጉዳይ

ከፍጻሜው ግጥሚያ ዋዜማ ጉማሬ ከሐይቁ ወጥቶ ሣር ሲግጥ አድሮ፣ በሐይቁ በኩል ያለውን፣ የመክፈቻ ኳስ የምታርፍበትን ሳጥን ጥግ ረግጦ መስመሩን አጥፍቶታል። አቶ ገድሉ በማግሥቱ ጠዋት መስመሩን በዓይን ግምት በኖራ መልሰው አስምረዋል። ሰብሳቢው ይህ መስመር ወደ ሐይቁ የሚያዘነብል ነው ብለዋል። አቶ ገድሉ መስመሩ ቀጥ ያለ እንደሆነ፣ የሚያዘነብለው ሜዳው እንደሆነ መልሰዋል።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ ጉማሬው ከኮሚቴው በፊት እዚህ የነበረ ነባር ነዋሪ በመሆኑ በትዕግሥት እንዲታይ ለምነዋል። ቢሆንም ጥፋቱ ተደጋጋሚ ስለሆነ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተዘጋጅቶ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ምሰሶ ላይ እንዲለጠፍ ተወስኗል። ደርሶኛል ብሎ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ቦታው ክፍት ይተዋል።

አጀንዳ 3፦ ኳሷ ገብታለች ወይስ ወጥታለች

አቶ ገድሉ ሰብሳቢውና ጸሐፊው ባለጉዳዮች ስለሆኑ ከስብሰባው ይውጡ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ለመውጣት ፈቃደኛ መሆናቸውን፣ ነገር ግን የተቀመጡበት ወንበር ከቤታቸው የመጣ ስለሆነ ይዘውት እንደሚወጡ ገለጹ። ጸሐፊው ከወጣም የሚጽፍ እንደማይኖር ታወቀ። ስለዚህ ሁለቱም እንደወጡ ተቆጥረው እንዲቆዩ ተወሰነ። ከዚህ በኋላ ሰብሳቢው ስብሰባውን የመሩት ጀርባቸውን ሰጥተው ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ ጸሐፊው አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታው ነበር። ያችን ካገኘ ዋንጫው የእሱ ነው። ኳሷን ሽቅብ ወርውሮ ራኬቱን ሲያነሣ፣ አንድ አባት ከገዳም በመጣችው ጀልባ ደርሰው ከሜዳው አጠገብ ወረዱ። በዚያች ቅጽበት ዳኛው ከከፍተኛ ወንበራቸው ወርደው መስቀል ለመሳለም ሮጡ። ተመልካቹም ተከትሎ ተሰለፈ። ጸሐፊው መታ፤ ኳሷ ጉማሬው በረገጣት ጥግ ላይ አረፈች፤ ሰብሳቢው ሳይመልሷት ወጥታለች አሉ። ዳኛ አልነበረም።

መሪጌታ ሲጠየቁ፦ “ኳሷን አላየሁም፣ መስቀሉን ግን አየሁ” ብለዋል። አባት ከታች ቆመው ልጅ ከላይ ተቀምጦ መጠበቁ ነውር ነው፣ ዳኝነት ከዚህ አይበልጥም ሲሉም አክለዋል። አቶ ገድሉ በሰልፉ ከመሪጌታ ቀጥሎ እንደነበሩና የሚያስታውሱት የመሪጌታን ተረከዝ ብቻ እንደሆነ መስክረዋል።

ሰብሳቢው፣ አባት በሚያልፉበት ሰዓት ኳስ መምታቱ ራሱ ድፍረት ነው፣ ይልቁንም በታላቅ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ኳስ አይመታም ብለዋል። ጸሐፊው፣ ኳሷ ቀድማ አየር ላይ እንደነበረች፣ አየር ላይ ያለች ኳስ ደግሞ መስቀል ተሳልማ እስክትመለስ ትቆይ ዘንድ ማዘዝ እንደማይቻል አስረድቷል። ድምፁን ከፍ አድርጓል የተባለው ሐሰት ነው፤ ዝናቡ ነው።

አቶ ገድሉ፣ በቴሌቪዥኑ ውድድር ኳስ ስታጠራጥር ማሽን ሥዕሏን አውጥቶ እንደሚያሳይና ለእኛም ቢመጣ መልካም እንደሆነ ጠቁመዋል። ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ ማሽኑ መብራት ሲጠፋ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ሐሳቡ ውድቅ ሆነ። ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ ወሬያቸውን ሊቀጥሉ ሲሉ ልዩ ልዩ ገና መሆኑ ተነገራቸው።

በመጨረሻ መሪጌታ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ አሉ። ሁለቱም ወገን ግማሽ ግማሽ ይተው፤ ኳሷም ግማሽ ገብታለች፣ ግማሽ ወጥታለች ይባል። በዚህ መሠረት ዋንጫው ከመስከረም እስከ የካቲት ከአቶ አስናቀ ዘንድ፣ ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ከአማኑኤል ዘንድ እንዲቀመጥ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጳጉሜን የማን ነው የሚለው ግን ከባድ ጭቅጭቅ አስነሥቷል። ሰብሳቢው አዲስ ዓመት ዋንጫውን ከቤቴ ሊያገኘው ይገባል ሲሉ፣ ጸሐፊው የፍሪጁ አናት በዓመቱ ማለቂያ ባዶውን መዋል የለበትም ብሏል። ሰፊ ውይይት ከተደረገ በኋላ በጳጉሜን ዋንጫው በግማሽ የተገኙት አቶ አዘዘ ዘንድ እንዲቆይ ተወሰነ። ጸሐፊው ይህን ውሳኔ የጻፈው ጥርሱን ነክሶ ነው።

አጀንዳ 4፦ የሰብሳቢው ክብር

እንዲህ ያለው ንትርክ ዳግመኛ እንዳይነሣ፣ የሰብሳቢውም ጉልበት ከክረምቱ ወዲህ እየከዳቸው ስለሆነ፣ አቶ አስናቀ የክብር ሰብሳቢ እንዲሆኑ አቶ ገድሉ ሐሳብ አቀረቡ። በሜዳው ዳር መደገፊያ ያለው ወንበርና ዣንጥላ ይዘጋጅላቸዋል፤ ራኬታቸውም መታሰቢያ እንዲሆን በሚስማር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መሪጌታ መረቁ። ጸሐፊው እጁን ከሁሉ ቀድሞ አወጣ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ።

ሰብሳቢው ጀርባቸውን እንደሰጡ አመሰገኑ። ቆየት ብለው ሚስማሩ የግድ ያስፈልግ እንደሆነ ጠየቁ። ውይይት ተደርጎ ሚስማሩ እንደሚያስፈልግ ተወሰነ።

አጀንዳ 5፦ ልዩ ልዩ

ለወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ ዕድል ተሰጠ። እሳቸው ለጀልባው ማረፊያ ቅርብ ስለነበሩ መስቀሉን ከሁሉም ቀድመው ተሳልመው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መልሰው ነበር። ኳሷ ገብታለች። ከመስመሩ ላይ የተነሣው ኖራ ጫማቸው ላይ ቦንኗል፤ ጫማውንም ለማስረጃ አውልቀው አሳይተዋል። እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ ተብለው ሲጠየቁ፣ ከእናንተ ማን ጠየቀኝ ብለዋል። ለባለቤታቸው ግን ያኔውኑ ማታ ነግረዋቸው፣ እሳቸው ራታቸውን በልተው እንደተኙ ተናግረዋል። “ያውቃል እኮ” ሲሉም አጠቃለዋል።

ጫማው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ሰብሳቢው ይህ እንዳይመዘገብ አሳስበው ተናገሩ። ኳሷን እሳቸውም አይተዋታል። ነገር ግን ያች ነጥብ ካለቀች ልክ እንደዛሬው ያለ ስብሰባ እንደሚጠራ፣ ወንበሩና ዣንጥላው እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ከጡረታ ወዲህ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት እሑድን ብቻ ነው። አንድ እሑድ ልጨምር ብለው ወጥታለች አሉ፤ ይኸው ነው። ሚስማሩን ግን አላሰቡትም ነበር። ጸሐፊው መዝግቦታል፤ ለእውነት እጽፋለሁ ብሎ ቃል ገብቷልና።

ከዚህ በኋላ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ እንደ ተጫዋች ለመናገር ፈቃድ ጠየቀ። (ይህ ክፍል ኋላ ከትዝታ የተጻፈ ነው።) ዋንጫውን ከምንም በላይ እንደሚፈልገው፣ ለፀደንያ ምን እንደሚላት እንደጨነቀው፣ አጀንዳ 4 ላይ ግን እጁን ቀድሞ በማውጣቱ እንዳፈረ ገለጸ። ደግሞም ጋሼ አስናቀ ከሜዳ ከወጡ ለሱ የሚቀረው ተጋጣሚ አቶ ገድሉ ብቻ እንደሆኑ፣ አቶ ገድሉ ደግሞ በየነጥቡ ደረሰኝ እንደሚጠይቁ አሳስቧል። ስለዚህ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ግጥሚያው ካቆመበት እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ።

ሰብሳቢው፣ አዝነህልኝ ከሆነ ወንበሬን ይዤ ወደ ቤቴ ልሂድ አሉ። ጸሐፊው፦ “አላዘንሁም ጋሼ፤ ደግሜ አሸንፍዎታለሁ” ብሎ መልሷል። በዚህ ጊዜ ሰብሳቢው ወንበራቸውን አዙረው ከአጀንዳ 3 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ለጉባኤው ሰጡ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከአጀንዳ 1 እስከ 4 የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ውድድሩ የባለሙያዎች አይደለም፣ የወዳጆች ነው። አምስቱ ነጥብ እንደጎደለ ይቀራል። የዋንጫው ሰውዬ ኳሱን መለጋቱን ይቀጥላል። የጉማሬው ማስጠንቀቂያ ተነሥቷል። አቶ አዘዘ ሙሉ በሙሉ ቀርተዋል። ሚስማሩም አይመታም። የመጨረሻዋ ኳስ እንዳልተመታች ተቆጥራ፣ በሚቀጥለው እሑድ ከዚያው ነጥብ ይጀመራል። በዕለቱ ጀልባ ከታየ ጨዋታው ቆሞ ሁሉም በአንድነት መስቀል ይሳለማል።

ውሳኔው በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል። የተቃወሙት ወ/ሮ ወለተ ጊዮርጊስ ናቸው። በዓይኔ ያየሁትን እጅ አውጥታችሁ አትሽሩትም፣ ሌላው ቢሻር ይቺ ትጻፍልኝ ብለዋል። በትእዛዛቸው ተጽፏል፦ ኳሷ ገብታ ነበር።

ዝናቡ ስላባራና አቶ አዘዘ ሒሳብ ከፍለው ሲመጡ ስለታዩ ስብሰባው በ12 ሰዓት ከሩብ ተበትኗል።

ሰብሳቢው ቃለ ጉባኤውን ተቀብለው፣ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበቡ። አጀንዳ 5 ላይ ብዙ ቆዩ፤ ምንም ሳይነኩ አለፉት። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሰው ከስማቸው ጎን ያለውን “የዋንጫው ባለቤት” የሚለውን ብቻ ሰርዘው ፈረሙ። ጸሐፊው ይህን ንጹሕ ቅጂ ሲያዘጋጅ መልሶ ጽፎታል፤ እስከ እሑድ ድረስ።