በሣር መሀል የወርቅ ጥሩር

ቀኑ ሐሙስ ይሁን ዓርብ ልሳሳት እችላለሁ፤ ነገሩን ግን አልረሳውም። የሰው ልጅ በነጻ ያገኘውን መናቅ ይወዳል። «ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ብሎ የተረተው ሰው የስልክ ጨዋታ ሻጭ ሳይሆን አይቀርም።

ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ በምትባል ከተማ ለሰሊጥ ሥራ ሄደን ነበር። ሰሊጡ ተራግፎ፣ በጆንያ ተሞልቶ ሎሪ ላይ ወጥቷል፤ እኛም አብረነው ወደ ገዳሪፍ ልንመለስ ነው። ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ለአንድ ሰው ብቻ ቦታ አለ አለን። የቀረው ሰው ጆንያ ላይ፣ ከፀሐይ ጋር ነው። ጋቢናዋን እኔም ፈለግኋት፣ ተኪኤም ፈለጋት። ተኪኤ ገዳሪፍ ያደገ የትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛዬ ነው፤ ሲናደድም ሲደሰትም ወደ ዓረብኛ ይሻገራል። የመተማው ታላቃችን አያ ሙሉ ዕጣ ጣሉ ቢሉንም፣ ተኪኤ በስልክ ጨዋታ እንታኮስ፣ የሞተ ጆንያ ላይ ይውጣ አለ። ክብር ተነካ፤ ጦርነት ታወጀ።

እኔ እንግዲህ ሳልመዝን የማልራመድ ሰው ነኝ። በጨዋታው ሱቅ ያለውን ልብስ ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ከሁሉም ውዱ የወርቅ ጥሩር የሚሉት የጦር ልብስ ነው። ውድ ከሆነ ጠንካራ ነው ማለት አይደል? ለቀለም ብቻ ይህን ያህል ማን ይከፍላል? ተጠራጠርኩ፤ ጥርጣሬዬንም ተጠራጠርኩት፤ በመጨረሻ ለቤተሰብ የምደውልበትን የስልክ ሂሳብ፣ ረሲዴን፣ አሟጥጬ ገዛሁት።

ሜዳው ሣር በሣር ነው። ተኪኤ በነጻ የሚሰጠውን አረንጓዴ ሸሚዝ እንደለበሰ የት እንደገባ ጠፋኝ። እኔም ግራ ቀኝ አይቼ፣ በጥንቃቄ ሣሩ መሀል በደረቴ ተኛሁ። እንዴት ያለ መደበቅ! አንዲት ጥይት፣ ሞትኩ።

ተኪኤ እየተንከተከተ፣ ወላሂ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ አንተን ለማየት ስልክም አያስፈልግ፤ እዚያ ሩቅ ቁረይሻ ከተማ ሆኜም አይህ ነበር አለኝ። አያ ሙሉ አጎንብሰው ስልኬን ተመለከቱና፣ ጅግራ እንኳ የሣር ቀለም ለብሳ ነው የምትሸሸግ፤ አንተ ልጅ፣ ልትደበቅ ነው ልትሞሸር? ብለው ጠየቁኝ።

እና፣ ጨዋታ ላይ ገንዘብ ማውጣት ብልጫ ይሰጣል ወይ ለሚለኝ፣ በሚገባ ይሰጣል እላለሁ። እኔ ከፈልኩ፣ ተኪኤ በለጠ።

እርሱ ጋቢና ገባ፤ እኔ ከአያ ሙሉ ጋር ጆንያ ላይ ወጣሁ። ፀሐይዋ ባትምርም ነፋሱ ደስ ይላል፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት አገሩ ሁሉ የራስ ይመስላል። ግማሽ መንገድ ላይ ሎሪው ሲቆም ተኪኤ በላብ ታጥቦ ወረደ። ወንድሜ፣ አዘንኩልህ፤ ጋቢናዋን በነጻ ልስጥህ አለኝ። በነጻ የሚሰጥ ነገር ያጠራጥረኛልና እምቢ አልኩ። በትግርኛ ለመነኝ፣ በዓረብኛ ለመነኝ፤ አሁንም እምቢ።

ገዳሪፍ ስንደርስ ሹፌሩን ጠይቄ አረጋገጥኩ፦ የዚያ ሎሪ ሞተር ያለው ከጋቢናው ወንበር ሥር ነው።