መቶ ሰባት ፊርማ ለጣቢያ ጥበቃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም፤ ለእሳቸው ያልነገርኳቸው ግን ልደብቅ ብዬ ሳይሆን ከየት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ነው። «አባ፣ ሰው ገድያለሁ» ብዬ ብጀምር «ስንት?» ይሉኛል። «በቀን እስከ ሁለት መቶ» ብላቸው ምን ዓይነት ቀኖና ሊሰጡኝ ነው?

መቼም የሚደብቀው ነገር የሌለው ሰው የለም። የሌላው ሰው ምስጢር ግን ደንበኛ ምስጢር ነው። አንዷ የድሮ ጓደኛዋን ፎቶግራፍ መጽሐፍ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ አንዱ ሚስቱ ሳታውቅ ሲጋራ ያጨሳል። ቢታወቅባቸው ጎረቤት ወዲያው ገብቶት ያማቸዋል። የእኔን ለማማት ግን መጀመሪያ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ አስረጂውም ሰሚውም ደክሟቸው ሐሜቱ ሳይጀመር ይቀራል። ምናልባት እስከ ዛሬ ያልታማሁት ለዚህ ይሆናል።

እንግዲህ ልናገር። በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ። አቃቂ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ። ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ አላውቅም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ አንድ ፌርማታ አልፌ ወርጄ በእግሬ የምመለስ ሴት ነኝ። ይህችው ሴት ለአራት ዓመት ያህል በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ ወታደር ነበረች። ያውም ተራ ወታደር አይደለም፤ ሻለቃ።

አጀማመሬ ንጹሕ ነበር። የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ ልሞላ ከሥራ ስወጣ ወደ ከድር ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ጨዋ፣ የደንበኛን ስክሪን የማያይ። ጥግ ላይ፣ ጀርባው ለግድግዳ የሆነ ኮምፒውተር ሰጠኝ። የማመልከቻው ገጽ አልከፈት ብሎ እየተሽከረከረ ሳለ ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ሳይዘጋው የሄደው ጨዋታ ብቅ አለ። ስም አስገቢ አለኝ። የራሴን ስም ማስገባት አፈርኩ። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሲንከባለል የዋለው ፋይል የአንድ ጡረታ የወጡ ሻለቃ የይዞታ ጉዳይ ስለነበር «ሻለቃ» ብዬ ጻፍኩ። የነፃ ትምህርቱ ገጽ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተከፈተ። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ጦር ሜዳ ነበርኩ።

ጨዋታው ብዙ ክፍል አለው። በአብዛኞቹ ውስጥ ሰው ካገኘው ሰው ጋር ይታኮሳል፤ ያ አልተመቸኝም፤ ምን አድርገውኝ? አንድ የተረሳ ክፍል ግን ነበረ፣ «የጣቢያ ጥበቃ» የሚባል። አምስት ሰዎች አንድ አሮጌ የባቡር ጣቢያ ይጠብቃሉ። ጠላት ከሦስት አቅጣጫ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ከያዛችሁት ባቡሩ ይመጣል፤ ትሳፈራላችሁ፤ አለቀ። ሽልማት የለው፣ ምስጋና የለው። የመንግሥት ሥራ ማለት ነው፤ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም በቀላሉ የለመድኩት።

አብረውኝ የሚጠብቁት አራቱ የአገሬ ልጆች ናቸው። የሚጽፉት አማርኛ ነው፣ ፊደሉ የእንግሊዝኛ ቢሆንም። ዋናው ራሱን «ቁርጥ» ብሎ የሰየመ፣ ቱሉ ዲምቱ እንደሚኖር አንድ ጊዜ የነገረን ልጅ ነበር። ስሜን አይተው ጡረታ የወጣሁ መኮንን መሰልኳቸው። «ሻለቃ፣ በግራ በኩል እየገቡ ነው፣ ምን ይላሉ?» ይለኛል ቁርጥ። እኔ መናገር ስለማፍር ባጭሩ «ያዙ» ብዬ እጽፋለሁ። እነሱ ደግሞ ይህን የጦር ሰው ቁጥብነት ነው ብለው ይበልጥ ያከብሩኛል። መሥሪያ ቤት «ያቺ የመዝገብ ቤቷ» ነኝ፤ እዚያ «እርስዎ» ነኝ። አስተካክዬ ልናገር ብዬ ስንቴ አስቤያለሁ። ግን ጠላት በመስኮት እየገባ ሳለ «ይቅርታ፣ ሴት ነኝ» ይባላል?

በየቀኑ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት እዚያው ነኝ። ከድር የማስተርስ ትምህርቴን በርቀት የምከታተል ይመስለዋል። ላቤን እየጠረግኩ ስወጣ ሲያየኝ፣ «እህቴ፣ ይሄ ትምህርት ግን ሊገድልሽ ነው፤ ትንሽ ረፍት አድርጊ» ይለኛል። «ፈተና ደርሶ ነው» እለዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ፈተና እንደደረሰ ነበር።

በአራተኛው ዓመት የጨዋታው ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ሌላው ክፍል አዞሩ። በመጀመሪያ የባቡሩ በር መከፈት ተወ። ሃያ ደቂቃ ተዋግተን፣ ባቡሩ መጥቶ፣ በሩ ላይ ተደርድረን ቆመን እንቀራለን። ከዚያ ጠላቶቹ ግድግዳ ውስጥ እየተሰነቀሩ በእግራቸው ብቻ ይሮጡ ጀመር። አንድ ቀን ቁርጥ ራሱ ወለሉ ውስጥ እስከ ወገቡ ሰጠመና ከዚያው ሆኖ «ሻለቃ፣ ምን ላድርግ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ያዝ» አልኩት። በመጨረሻም ማስታወቂያ ወጣ፤ ለዚህ ክፍል የሚደረገው ድጋፍ ተቋርጧል፣ በወሩ መጨረሻም ይዘጋል የሚል።

ይህ ለሌላው ሰው ቀልድ እንደሆነ አይጠፋኝም። እኔ ግን ያን ዕለት ወደምኖርበት ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም በምትወስደኝ ታክሲ መስኮት ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ጣቢያው ከተዘጋ «ምን ይላሉ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዓለም ላይ አይኖርም። ቁርጥንም ሌሎቹንም ከዚያ ውጭ የት አገኛቸዋለሁ? ስማቸውን እንኳን አላውቅም።

ልጆቹ ለሠሪዎቹ በየፊናቸው ኢሜይል ላኩ፤ መልስ የለም። ቁርጥ ወደ እኔ ዞረ። «ሻለቃ፣ እርስዎ መቼም ሰው ያውቃሉ» አለኝ። ማንን ነው የማውቀው? እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደብዳቤ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሰው መጥቶ ቢያለቅስ የማይነቃነቅ ጉዳይ፣ ቁጥርና ቀን፣ ፊርማና ማኅተም ያለው ወረቀት ሲመጣ እንዴት ብድግ እንደሚል በዓይኔ አይቻለሁ። ኢሜይል ማለት በር ላይ ቆሞ መጣራት ነው። ማን ይሰማል?

ስለዚህ ጻፍኩ። «ለጨዋታው አዘጋጅ ድርጅት፣ ባሉበት። ጉዳዩ፦ ለጣቢያ ጥበቃ ክፍል ይደረግ የነበረው ድጋፍ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው…» እያልኩ ሄድኩ፣ ግልባጭም ለማን እንደሆነ ሳይቀር። ወደ እንግሊዝኛም ራሴ መለስኩት። ቀጥሎ የፊርማ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጀሁ፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ፣ አስተያየት። እዚህ ላይ ችግር መጣ። ፈራሚዎቹ አምስት ነን። አንዱ ቁርጥ ነው። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሻለቃ የሚባል ሰው ደግሞ የለም።

ቢያንስ ማኅተም ይኑረው ብዬ ወደ አቶ በየነ ሄድኩ። አቶ በየነ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ምድር ባቡር ጥገና ሠርተው ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ማኅተሙን በመሐረብ ጠቅልለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ይዘውት ይዞራሉ። ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ሁሉን ላስረዳቸው፣ በእውነት ላስረዳቸው አስቤ ነበር። ወረቀቱን ገና ሲያዩ፣ «የውሃው ነው አይደል?» አሉኝ።

የገላንን ብሎኮች ለማያውቅ ልንገር። እኛ ዘንድ የፊርማ ወረቀት ከመጣ የውሃ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። ሰው መጀመሪያ ይፈርማል፣ ቀጥሎ እስክሪብቶውን እየመለሰ «ምን አሉ?» ብሎ ይጠይቃል።

እኔም «እ…» አልኩ። ይህቺ «እ» አዎ አይደለችም፤ አይደለምም አይደለችም። አሁን እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው የምትል «እ» ናት። እሳቸው ግን እንደ አዎ ተቀበሏት። «እንግሊዝኛ ነው እንዴ?» አሉ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «ለውጭ ድርጅት ስለሆነ ነው» አልኳቸው፤ ይህስ ውሸት ነው? «ጎሽ ልጄ። የእኛዎቹማ መቼ ይሰማሉ» አሉና እዚያው ደረጃው መደገፊያ ላይ ማኅተሙን አሳረፉበት። የፊርማውን ቅጽም ከእጄ ወሰዱ። «አንቺ ዓይን አፋር ነሽ፤ እኔ አዞረዋለሁ» አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን መቶ ሰባት ፊርማ ይዘው መጡ። ከመቶ ሰባቱ አራቱ የጣት አሻራ ናቸው። አስተያየት የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። «ሦስተኛ ፎቅ ከገባን ጀምሮ ጠብታ አልደረሰም» ይላል አንዱ። «ያፏጫል እንጂ አያወርድም» ይላል ሌላው። «እባካችሁ ሦስተኛ ፎቅን አስቡት» የሚሉት ብቻ አሥራ ሁለት ናቸው። በነጭ ማጥፊያ ላጠፋው ብዬ ጀመርኩና የሰዎቹን የእጅ ጽሑፍ ሳይ ነውር መሰለኝ፤ ተውኩት። ደግሞስ ፈረንጅ አማርኛ ያነባል? በመሥሪያ ቤቱ ስካነር አንስቼ ከደብዳቤው ጋር በሻለቃ ስም እንዳለ ላክሁት።

ሁለት ሳምንት ዝም አሉ። ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው መልስ መጣ። ከድር ቤት ጥግዬ ላይ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስቱም ጊዜ አልገባኝም። «የተከበሩ ሻለቃ» ይላል። በሥራ ዘመናቸው ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከተጫዋች ደርሷቸው አያውቅም። መቶ ሰባቱን ስም አይተው ተሰብስበዋል። አሻራዎቹን ያዩ ጊዜ አንዷ ሠራተኛ እንባ አውጥታለች። ድጋፉ እንዲመለስ ተወስኗል፤ የባቡሩም በር ተጠግኗል። ከዚያ ቀጥሎ እንዲህ ይላል፤ አስተያየቶቹን አስተርጉመን አንብበናል፤ ይህን ጣቢያ ስንሠራ ውሃ እንደሌለው ማናችንም አላስተዋልንም ነበር፤ ተጫዋቾቻችን ይህን ያህል በዝርዝር የሚያስቡ መሆናቸው አኩርቶናል። ጣቢያው ሁለት ፎቅ ብቻ ስለነበረው ሦስተኛ ፎቅ ጨምረንለታል። ቧንቧ ገብቷል። ውሃው በርቶ ነው የሚውለው። ነገ ጠዋት ይከፈታል።

ደስ ይበለኝ ወይስ ልደንግጥ? ሁለቱንም ጀምሬ አንዱንም ሳልጨርስ ቤቴ ደረስኩ። ደረጃው ላይ አቶ በየነ ቆመዋል።

«ልጄ፣ ያ ደብዳቤ ምን አሉት?»

ለሽማግሌ መዋሸት አልችልም። «ተቀብለውታል» አልኳቸው።

«ተቀብለውታል ብቻ? ምን አደረጉ?»

«ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ውሃ አስገብተዋል።»

«መቼ ነው የሚለቁት?» አሉ ዝግ ብለው።

«ነገ ጠዋት።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። በሕይወቴ እንዲህ በንጹሕ እውነት ሰው አታልዬ አላውቅም። «ግን አባባ…» ብዬ ስጀምር እሳቸው በሚያማቸው ጉልበታቸው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለሉ ወጥተው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለግማሽ ቀን አስፈቅጄ ከቤት ስወጣ ደረጃው ከላይ እስከ ታች ቢጫ ጀሪካን ነው። ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመዋል። «ተባረኪ» እያሉ መንገድ ለቀቁልኝ። የሦስተኛ ፎቋ እመት ዘነበች ጉንጬን ሳሙኝ። አንገቴን ደፍቼ በጀሪካኖቹ መሐል አለፍኩና ከድር ቤት ገባሁ።

አራቱም ቀድመውኝ ተገኝተዋል። «ሻለቃ፣ አደረጉት» አለ ቁርጥ። እኔ በቀጥታ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። እውነታቸውን ነው። ቧንቧው በሙሉ ኃይሉ ይወርዳል፣ ወለሉ ላይ ይፈሳል፣ ማንም አይቀዳውም። ጠመንጃዬን ጣልኩና መዝጊያውን መፈለግ ጀመርኩ። ሁሉንም ቁልፍ ነካካሁ፤ አይዘጋም። ከታች ጠላት ገብቷል። «ሻለቃ፣ የት አሉ? ምን እየሠሩ ነው?» ይላል ቁርጥ። «ውሃ እየፈሰሰ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። በአራት ዓመታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያው በስምንት ደቂቃ ወደቀ።

«በቃ፣ እንደገና እንጀምር ሻለቃ» አለኝ። ያን ያህል የለመንኩለት ጨዋታ ከፊቴ ተከፍቶ እኔ የማስበው ደረጃው ላይ የተደረደሩትን ጀሪካኖች ነበር። «መጣሁ» ብዬ ዘጋሁት። ያው ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤውን አወጣሁና በአማርኛው ላይ ሁለት ቦታ ብቻ ቀየርኩ፤ «ለ» የሚለውንና «ጉዳዩ» የሚለውን። አሳትሜ መቶ ሰባቱን ዋና ፊርማ አያይዤ፣ ውሃ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት በእግሬ ወሰድኩት።

መስኮቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ረጋ ብሎ አነበበው። ፊርማዎቹን ገለጠ፣ አሻራዎቹን ገለጠ፣ ስለ ሦስተኛ ፎቅ የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበበ። ከዚያ ሰብሰብ አድርጎ በመስኮቱ መለሰልኝ። ይህ እኛን አይመለከትም፣ የሚመለከተው ዘንድ ውሰጂው አለኝ።

የማይመለከታቸው ዘንድማ ወስጄው በሁለት ሳምንት ሠርተውታል ልለው ፈልጌ፣ አፈርኩና «እሺ» ብዬ ወጣሁ።